የረቡዕዋ ካርድ

መቼ እንደሆነ ቁርጡን ንገረን ብትሉኝ አልችልም። ባለቤቴ ጥሩዓለም "ካቻምና ነው" ትላለች፤ ጎረቤቴ ፈጠነ ደግሞ "ኧረ አምና ነው፤ ገብሱን በረዶ የመታው ዓመት" እያለ ይሟገታታል። እኔ መካከላቸው ሆኜ ለሁለቱም አዎ እላለሁ። ወሩን ግን አልስተውም። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ ገና አልተወቃም፣ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ ያለብሰዋል። ይህን የማልስተው፣ ጥሩዓለምን የወጋት የቀጋ እሾህ ከብት እንዳይገባ ብለን ክምሩን ካጠርንበት አጥር የመጣ ስለሆነ ነው።

እኔ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል፣ ከአስፋልቱ አንድ ሰዓት ተኩል ወደ ውስጥ ተገብቶ የምኖር ገበሬ ነኝ። ትምህርቴ ፊደል ቆጥሬ ጸሎት እስካነብ ድረስ ነው፤ ከዚያ አባቴ ሞፈር አስጨበጠኝ። እንግሊዝኛ አላውቅም። ከእንግሊዝኛ ቃላት አንዲቱን ግን ከብዙ የተማረ ሰው ይልቅ እኔ ሳላውቃት አልቀርም። ካርድ የምትባለዋን።

መጀመሪያ የሰማኋት የበኩር ልጃችን ሲከተብ ነው። "ይህችን ካርድ እንዳትጥሉ" አሉን። ቀጥሎ ልጁ ትምህርት ቤት ገባና በዓመቱ መጨረሻ ካርድ ይዞ መጣ፤ ያቺኛዋ ውጤት የተጻፈባት ናት፤ በቀይ የተጻፈ ካለባት ልጁ ከቤት ርቆ ይውላል። ከዚያ የምርጫ ካርድ መጣች። ከዚያ ስልክ መጣና በጥፍር የምትፋቅ ካርድ መጣች። የከተማ ዘመዶቻችን ልጅ ሲድሩ ወርቅማ ጽሑፍ ያለባት የጥሪ ካርድ ላኩልን፤ ድሮ ለሠርግ የሚጠራው ሰው ነበር፣ በፈረስ የሚላክ። ወጣቶቹ ከስልካቸው ሆድ የጥፍር ታህል ነገር አውጥተው "መዝሙሩ ሁሉ በዚህች ካርድ ውስጥ ነው" አሉኝ። ፍኖተ ሰላም በገበያ ቀን ኳስ በሚያሳዩበት ቤት ደጃፍ ሳልፍ "ካርድ! ካርድ!" እያሉ ሲጮኹ ሰምቼ፣ ምን አጥተው ነው ብዬ ብጠይቅ፣ አጥፍቶ ከሜዳ የሚባረር ሰው ካርድ ይሰጠዋል አሉኝ። አሥር ቤት የምትዋስ የጎረቤት ወንፊት አውቃለሁ፤ እንደዚህች ቃል ቤት ለቤት የዞረች ግን አላየሁም።

እኔ ደግሞ ወረቀት አልጥልም። አባቴ አንዲት ወረቀት ጥሎ ለመሬቱ ሦስት ክረምት ሸንጎ ተመላልሷል። ስለዚህ ካርድ የተባለ ሁሉ ወደ ቤቴ ከገባ ወደ ጸሎት መጽሐፌ ይገባል። መጽሐፉ ለሰባቱ ቀን ሰባት ጸሎት አለው። ካርዷ በመጣችበት ቀን ገጽ ላይ አኖራታለሁ። ሰኞ የመጣች ከሰኞ፣ ዓርብ የመጣች ከዓርብ። ከዚያ በየሳምንቱ ስጸልይ አገኛታለሁ፤ ባለቤቷንም በዚያው አስባለሁ። ጥሩዓለም ስታሾፍብኝ "ያንተ መጽሐፍ ከቀበሌው ቢሮ ይበልጣል፤ ማኅተም ብቻ ነው የጎደለው" ትላለች።

ወደ ነገሩ ልግባ።

እሾሁን በመርፌ አወጣችው፤ ቅቤ ቀባችው፤ ሥራዋን ቀጠለች። በሦስተኛው ቀን እግሯ እስከ ጉልበቷ አበጠ፤ ቀላ፤ አብለጨለጨ። "እንሂድ" ስላት "ጤፉ ሳይወቃ የት ነው የምሄድ? እሾህ የገደለው ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?" አለችኝ። በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ ስነሣ ገላዋ እንደ ምጣድ ይፋጃል። "ውሃ ልስጥሽ?" ብላት በሞተው ወንድሟ ስም ጠራችኝ። 

ፈጠነን ጠራሁት። እሱም ሦስት ሰው ጠራ፤ በቃሬዛ አወጣናት። ፈጠነ ጨዋታ ካልተጫወተ ሸክም የማይቀለው ሰው ነውና "እትዬ ጥሩዓለም፣ በሙሽርነትሽም በበቅሎ ነው የመጣሽ፤ ዛሬ በአራት ሰው ትከሻ ሆነሻል፣ ምን ቀረሽ?" ይላታል። አልመለሰችለትም። እሷ መልስ ያጣችለት ቀን ያ ብቻ ነው።  አስፋልቱ ላይ ደርሰን ባጃጅ አገኘን፤ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ስንገባ ሦስት ሰዓት ሆኗል። በጥድፊያው ጋቢዬን እንጂ መጽሐፌን አልያዝኩም።

ጥሩዓለምን በተሽከርካሪ አልጋ አስገቧት፤ ፈጠነ አብሯት ገባ። እኔን "ካርድ አውጡ" አሉኝና ወደ አንድ መስኮት ላኩኝ። ሰልፍ አለ። ከመስኮቱ ውስጥ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች፣ ጎልማሳ ሴት ተቀምጣለች። የሥራ መታወቂያዋ ባንገቷ ተንጠልጥሏል፤ ተገልብጦ ጀርባው ነው የሚታይ። ድምጿ ከማሳ ዝንጀሮ የሚያባርር ሰው ድምፅ ነው።

"ቀጣይ! ካርድ አለዎት?"

"የምን ካርድ ልጄ?"

"የታማሚዋ ነዋ!"

ከኮቴ ኪስ፣ ወደ መጽሐፉ ገና ያልገባውን ሁሉ አውጥቼ መስኮቷ ላይ ዘረገፍኩት። የምርጫዋ፣ የተፋቁ የስልክ ካርዶች፣ ባለፈው ሳምንት የመጣች የሠርግ ጥሪ፣ የጤና መድን ደብተር። ከኋላዬ የቆመ ወጣት "አባባ፣ ቀይ ካርድ ካለዎት ብቻ እንዳያሳዩን፤ ከሜዳ እንወጣለን!" ብሎ ሰልፉን በሳቅ ጣለው። እኔ አላሳቀኝም። አፈርኩ።

"እናንተ እዚያ፣ ጉሮሯችሁን ለመርፌው አቆዩት!" አለቻቸው ሴትዮዋ። የመድን ደብተሩን አንሥታ ሌላውን ወደ እኔ ገፋችው። "አዲስ ናት ማለት ነው። ስሟን፣ ዕድሜዋን።" ጻፈች፤ ማኅተም መታች፤ ጠንካራ ወረቀት አስያዘችኝ። "ይቺን ከጣሉ እንደገና ነው የሚሰለፉ። ቀጣይ!"

እንዲህ ያለች ሴት ምን ሆና ነው፣ ስል ሄድኩ። ይህን የምጽፈው እውነቱን ለመናገር ነው፤ የዚያን ጊዜ አልወደድኳትም።

ሐኪሙ ከመጨረሻ ልጄ የሚያንስ ወጣት ነው። እግሯን ዳሰሰ፣ ሙቀቷን ለካ፣ ፊቱ ጠቆረብኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

"አባባ፣ ቁስሉ ወደ ደም እየገባ ነው። መድኃኒቱን ቶሎ መጀመር አለብኝ። ከዚህ በፊት እማማ መርፌ ተወግተው ወይም ኪኒን ውጠው ያልተስማማቸው ነገር አለ?"

 ነበረ! ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቡሬ፣ አንድ የግል ክሊኒክ፣ ጉሮሮዋን ታማ። መርፌውን ወግተዋት ገና ከወንበሩ ሳትነሣ ፊቷ አበጠ፤ ትንፋሿ ተቆለፈ፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ሌላ መርፌ ሰጥተው ከሞት መለሷት። የወጋት ሰውዬ እሱ ራሱ ላብ አጥምቆት ነበር። ስንወጣ በቀይ የጻፈባት ካርድ ሰጠኝና "ይህ መድኃኒት ዳግመኛ ቢነካት አትተርፍም፤ የትም ስትሄዱ ይህችን አሳዩ" አለኝ። ሁሉንም ለሐኪሙ ነገርኩት።

"የመድኃኒቱ ስም ማን ይባላል?"

"እሱን አላውቅም ልጄ። ካርዷ ላይ አለ።"

"ካርዷስ?"

"ቤቴ ናት። ከጸሎት መጽሐፌ ውስጥ።"

"ክሊኒኩ አሁን አለ? እንደውልላቸው።"

ክሊኒኩ የለም። ቦታው ላይ ዛሬ ብሎኬት ይመረትበታል፤ ሰውዬውም ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም።

ሐኪሙ ወደ እኔ ቀረበ። "ይስሙኝ አባባ። አሁን በእጄ ያሉት ለዚህ ቁስል የሚሆኑ መድኃኒቶች ሁለት ናቸው። ያኔ የጎዳቸው ከሁለቱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ገምቼ ብሰጥና ብስት ከእጄ ላይ ነው የሚሄዱ። ዝም ብዬም ልተዋቸው አልችልም። በጉሉኮስ እየደገፍኩ እስከ ስምንት ሰዓት ልጠብቅ። የመድኃኒቱን ስም ካላመጡልኝ ወደ ባሕር ዳር እልካቸዋለሁ።" ይህን ብሎ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። እኔም አየሁ። የዚያን ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ ነበር፤ ክፍትም ቢሆን በዚያ አያያዟ ያን ያህል መንገድ እንደማትችል ሁለታችንም ገብቶናል።

ስልክ የሚጠቅመው ለዚህ ቀን ነው ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ቤት ያለችው የልጄ ሚስት አስካለ ናት፤ ልጄ ቡሬ ግንበኛ ሆኖ ይሠራል፣ የዚያን ቀን ስልኩ ዝግ ነበር። የእኛ መንደር ስልክ የሚሠራው ከቤቱ በላይ ካለችው ጉብታ ሲወጡ ብቻ ነው። አንዴ ደወልኩ፤ የለም። ሁለቴ፤ የለም። በአራተኛው ጠራ። ከብቶቹን ወደ ጉብታው አውጥታ ነበር።

"አባባ! እማማስ?"

"ደህና ናት። ነገሩን ኋላ እነግርሻለሁ። ሩጪና መጽሐፌን ይዘሽ ጉብታው ላይ ተመለሽ።"

እሷ እስክትመለስ ያለችው ጊዜ ከእርሻ ውሎ ረዘመችብኝ። ደግሜ ደወልኩ።

"ይዣለሁ አባባ። ምን ልፈልግ?"

"የረቡዕን ጸሎት ግለጪ። የእናትሽ ካርድ ከዚያ ላይ ናት። በቀይ የተጻፈባት።"

ገጽ ሲገለጥ ይሰማኛል። "ከረቡዕ ላይ... የጥሪ ካርድ አለ። የሠርግ። ሌላ የለም።"

"ሐሙስን እዪ። አይ፣ በቃ አራግፊው፤ ሁሉንም አራግፊው።"

"ነፋሱ እንዳይወስደው ነጠላዬ ላይ ላራግፈው።" አራገፈችው። አንድ በአንድ ትነግረኛለች። "የባለቤቴ የአራተኛ ክፍል ካርድ... ኧረ ወዲያ! ለእኔ አንደኛ እወጣ ነበር ብሎኝ!" ልትስቅ ብላ ተወችው። "የምርጫ... የስልክ፣ የስልክ፣ የስልክ፣ አባባ እነዚህ ሁሉ እኮ የተፋቁ ናቸው... ሌላ ጥሪ... ቢጫ የክትባት ካርድ፣ 'ሰላም' የምትል።" ድምጿ ወረደ። ሰላም በሁለት ዓመቷ ያረፈችው ልጃችን ናት። "እሷን ወደ ቦታዋ መልሻት" አልኳት፤ "ማክሰኞ ላይ።"

"መልሻታለሁ። አለቀ አባባ። በቀይ የተጻፈ የለም።"

"ደግመሽ እዪ! እንዴት ይጠፋል! እኔ ነኝ እኮ ያኖርኩት፤ በረቡዕ..."

ስልኩ ጥ አለ። ሒሳቡ አለቀ። ወደ በሩ ወጥቼ ከሱቅ "ካርድ ስጠኝ" ብለው ባለ ሱቁ ሳቀብኝ። "አባባ፣ ካርድ ድሮ ቀረ። አሁን በስልክ ነው የምንሞላው። እኔ ጋ ደግሞ ዛሬ ኔትወርኩ እምቢ ብሏል፤ ወዲያ ማዶ ይሞክሩ።" ወዲያ ማዶው ዝግ ነው። አየህ፣ አልኩት ለራሴ፤ ስትፈልጋት የለችም፤ ሳትፈልጋት ቤትህን ሞልታዋለች።

ተመልሼ ከካርድ ክፍሉ መስኮት ሥር ካለችው የሲሚንቶ መቀመጫ ላይ ቁጭ አልኩ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሰልፉ ተበትኗል። ሴትዮዋ መስኮቷን ልትዘጋ እጇን ስታወጣ አየችኝ።

"አባባ፣ ምሳ ሰዓት ነው። ካርድ አውጥተው የለም እንዴ?"

"አውጥቻለሁ ልጄ። አንቺ የሰጠሽኝን አልጣልኩም። ሌላዋን ነው የጣልኳት።"

 ሽማግሌ ሰው በአደባባይ አያለቅስም ብለው አሳድገውናል፤ እኔ አለቀስኩ። መስኮቱ ተዘጋ። ይኸው ሄደች አልኩ። በጎን ባለው በር ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ የምሳ ዕቃዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

"አሁን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። እንዳይቸኩሉ።"

ነገርኳት። ስለ መርፌው፣ ስለ ቀዩ ጽሑፍ፣ ስለ ሰባቱ ቀን፣ ስለ አስካለ ነጠላ። የጠዋቱ ድምጿ የት እንደገባ እንጃ፤ እንደ እህት ነው የምታዳምጠኝ። ስጨርስ እንዲህ አለችኝ።

"አባባ፣ እኔ ዱርቤቴ ተወልጄ፣ ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ የምሠራው ይህንኑ ነው። ስንት ሺህ ካርድ አለኝ መሰለዎት። ካርድ ሲጠፋብኝ ካርዱን አልፈልገውም።"

"ታዲያ ምኑን ነው የምትፈልጊ?"

"መደርደሪያውን። ሰው ካርድ ያለ ቦታው ያኖረበት ጊዜ ጥቂት ነው። ካርዱ ከቦታው አይሄድም፤ የሚሄደው መደርደሪያው ነው። ክፍል ሲቀየር፣ ቀለም ሲቀባ፣ ሣጥን ሲታሸግ። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው 'ይህ ካርድ በተሰጠበት ቀን መደርደሪያው የት ቆሞ ነበር?' ብዬ ነው። አንቱም ከረቡዕ ላይ አኑሬያለሁ ካሉ አኑረዋል፤ አምናለሁ። ግን ያኔ፣ ከሃያ ዓመት በፊት፣ የሚጸልዩበት መጽሐፍ ይኸው የዛሬው ነበር?"

አንባቢዎቼ፣ የተኛ ሰው በዱላ እንደመቱት በርግጎ ሲነቃ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ሆንኩ።

አልነበረም! ያኔ የምጸልይበት የአባቴ የብራና መጽሐፍ ነበር። ዓይኔ ሲደክም ጽሑፉ ደቀቀብኝና ከፍኖተ ሰላም ገበያ ጽሑፉ ጎላ ያለ የወረቀት መጽሐፍ ገዛሁ። ብራናውን ቤት ውስጥ አይጥ እንዳይበላው ብዬ ለየኔታ ሰጠኋቸው። የኔታ ከደብራችን ግቢ አጠገብ በምትገኝ ጎጆ ልጆች የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ካርዶቹን ከብራናው ወደ አዲሱ ያዛወርኩት እኔው ነኝ፤ ያቺን ግን ሳላያት ቀርቻለሁ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ላይ የሠርግ ጥሪዋን እያገኘሁ የእሷን መጉደል ልብ አላልኩም።

"ብራና!" ብዬ ጮህኩ። "የኔታ ጋ!"

"እንግዲያው ቁጥሩን ይንገሩኝ" አለችና የራሷን ስልክ አወጣች።

አስካለ ጉብታው ላይ ቁጭ ብላ ስልኩን እያየች ነበር፤ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣችው። "የኔታ ጋ ሩጪ፤ የአያትሽ ብራና፤ ረቡዕ" አልኳት። ሌላ አልጠየቀችም። ከእኛ ቤት እስከ ደብሩ በደህና እርምጃ አንድ ሰዓት ነው፤ ከዚያውም ዳገት፤ ደብሩ ግን ከፍታ ላይ ስለሆነ ስልክ ይሠራል።

ሴትዮዋ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ ግማሹን ወደ እኔ አደረገችው። አልወርድ አለኝ። "ይብሉ፤ የሚጠብቅ ሰው ባዶ ሆዱን አይጠብቅም" ብላ እንደ ልጅ አጎረሰችኝ። ከዚያ አብራኝ ወደ ጥሩዓለም ክፍል ገባች። ፈጠነ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ዝንቡን በባርኔጣው ያባርርላታል። ጥሩዓለም ዓይኗን ከድናለች፤ ትንፋሿ አጭር አጭር ነው። ቅላቱ ከጉልበቷ በላይ ሁለት ጣት ወጥቷል፤ ሐኪሙ ጠዋት በእስክርቢቶ ያሰመረበትን አልፎታል። ፈጠነ ያንን መስመር በጣቱ አሳየኝና ፊቱን አዞረ።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ሴትዮዋ ስልኩን እጄ ላይ አድርጋ መስኮቷን ልትከፍት ሄደች፤ ደግሞ ተመልሳ መስኮቱን ለሌላ ሠራተኛ ሰጥታ መጣች። ሰባት ተኩል ሆነ። ሐኪሙ ገብቶ ወጣ፤ በረንዳው ላይ ስለ ባሕር ዳሩ መኪና ሲነጋገር ሰማሁት። ስምንት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ስልኩ ጮኸ።

"አባባ..." አስካለ ትንፋሽ አጥሯታል። "የኔታ ቤታቸው አልነበሩም። ዝክር ተጠርተው ማዶ... ማዶ ሄጄ አመጣኋቸው። ከፍተዋል። አለች! ረቡዕ ላይ! ቀይ ናት!"

ከጀርባዋ የየኔታ ድምፅ ይሰማል፤ "ልጄ፣ ገጹን እንዳትለቂብኝ፤ የእኔም ምልክት እኮ እሷ ናት! ስድስት ዓመት ሙሉ በእሷ ነው የማቆመው!" ይላሉ። ለካ ካርዷን አግኝተዋታል፤ የእኔ ምልክት መስላቸው ከቦታዋ አላነሷትም፤ የራሳቸውም ምልክት አደረጓት።

ሴትዮዋ ስልኩን ተቀብላኝ ድምፁን ከፍ አደረገችው። መነጽሯን አጠለቀች፤ ከኪሷ ያልተጻፈበት ካርድ አወጣች።

"የኔ እህት፣ እኔ ከካርድ ክፍል ነኝ። የሚነበበውን ንገሪኝ።"

"ከላይ የእማማ ስም በአማርኛ አለ። 'ይህን መድኃኒት እንዳትሰጡ' ይላል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ አንድ ላይ ማንበብ አልችልም። ስምንተኛ ላይ ነው ያቆምኩት።"

"አንድ ላይ እንዳታነቢው። አንድ በአንድ፣ እንደ ፊደል ቆጠራ።"

"ፒ" አለች አስካለ። ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይጮኻል። "ኢ። ኤን። አይ... ነጥቧ ደብዝዛለች እንጂ አይ ናት። ሲ። አይ። ኤል። ሌላ ኤል..."

ከሁለተኛው ኤል በፊት ሴትዮዋ ገብቷታል፤ ግን አላቋረጠቻትም። እስከ መጨረሻዋ አስቆጠረቻት፤ ደግማም አስቆጠረቻት። ከዚያ የጻፈችውን ይዛ በበረንዳው ሮጠች። ያቺ ሴት ስትሮጥ ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ ነው ያያት።

ሐኪሙ ወረቀቱን አነበበ። ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። "ፔኒሲሊን" አለ፤ "የመጀመሪያው ምርጫዬ እሱ ነበር።"  ነርሷን ጠርቶ ሁለተኛውን አዘዘ፤ ከጥሩዓለም አጠገብ ወንበር ስቦ መድኃኒቱ ጠብ ጠብ ሲል እሱ ራሱ ተቀምጦ ጠበቀ።

የዚያን ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ቅላቱ ከቆመበት አልጨመረም። በማግሥቱ ረፋድ ከመስመሩ በታች ወረደ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጥሩዓለም ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ በራሴ ስም ጠራችኝ።

"ጤፉ ተወቃ?"

"አልተወቃም።"

"ታዲያ እዚህ ቁጭ ብለህ ምን ትሠራለህ?"

ፈጠነ "ይኸው ዳነች!" ብሎ ባርኔጣውን ወደ ጣሪያው ወረወረው፤ ነርሷ ተቆጣችው።

እንግዲህ ይህ ነው። አሁን ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ብዙ አይደለም፤ ግን ትንሹን ልንገራችሁ። ቤታችን ውስጥ ማን ምን መድኃኒት እንደማይስማማው አስካለ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፋ ለየሰዉ ሰጥታለች። የእንግሊዝኛውን ስታውቀው አይደለም፤ ሆስፒታሉ ከጻፈላት ላይ ፊደል በፊደል ቀድታ ነው። ያ ነገር ልቧን ነካውና ካቆመችበት ክፍል ቀጥላ የማታ ትምህርት ልትጀምር ተመዝግባለች፤ ባሏ "አንደኛ እወጣ ነበር" ማለቱን ትቷል። ጥሩዓለም የራሷን ካርድ በጨርቅ ሰፍታ ባንገቷ እንደ ክታብ አንጠልጥላታለች። የኔታ ምልክቴ ሄደ ብለው ስላዘኑ የተፋቀች የስልክ ካርድ ሰጠኋቸው፤ ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ።

እናንተም የምታነቡ፣ ዛሬ ማታ ሳትተኙ ቤታችሁን ጠይቁ። እናትህን ያልተስማማት መድኃኒት የትኛው ነው? ሚስትህንስ? ታውቃለህ? ካላወቅክ ጠይቀህ አስጽፍ፤ የጻፍክበትን የት እንዳኖርከው ሌላ ሰውም ይወቀው። እኔ የራሴን ጭንቅላት ብቻ አምኜ ነበር፤ ጭንቅላት ቀኑን ያዘልኝ፣ መጽሐፉን ጣለብኝ።

ሌላም አለ። ከመስኮት ወዲያ ያለ ሰው ሲጮኽብኝ ዛሬ ቶሎ አልቀየምም። ቀኑን ሙሉ የሰው ነገር እንዳይጠፋ ሲጠብቅ የሚውል ሰው ድምፁ ቢሻክር ምን ይደንቃል? ዝንጀሮ የሚጠብቅ እኮ የሚጮኸው ለእህሉ ብሎ ነው።

ጤፉን ወቅተን፣ ጥሩዓለም በእግሯ መሄድ ስትጀምር፣ አንድ እንስራ ጠላና ትንሽ ማር አስይዘን ወደዚያ መስኮት ሄድን። ተሰልፈን ነው የደረስን። ሴትዮዋ ቀና ሳትል "ቀጣይ! ካርድ!" አለች።

ጥሩዓለም ካንገቷ ያለችውን በጨርቅ የተሰፋች አወጣችና መስኮቱ ላይ አኖረችላት።

ሴትዮዋ አየቻት። ከዚያ እኛን አየች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። በጎን በር ወጥታ ጥሩዓለምን አቅፋ ስትስማት፣ ያ ሁልጊዜ ተገልብጦ የማየው መታወቂያዋ ዞረ። ያን ሁሉ ቀን ስሟን አልጠየቅኳትም ነበር፤ እሷ የእኛን ጽፋ፣ እኔ የሷን ሳላውቅ። እንደ ረቡዕ ጸሎቴ ቀስ ብዬ አነበብኩት፤ ዛሬም ረቡዕ በደረሰ ቁጥር ከዚያች ገጽ ላይ እጠራዋለሁ።

ደብሬ ፈንቴ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛ።